ሰንጢው አይሄድም

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሦስት ብቻ ቢሆኑ እንኳ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዕቃ የማያውስ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው። ንፉግ ነው ማለት አይደለም። ከኤርፖርት አምጣኝ ቢሉት በበረዶ ውስጥ ይመጣል፤ ሶፋ እናውጣ ቢሉት ወገቡን ይሰጣል፤ የታመመ ሲኖር ሾርባ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ግን አንዲት ዕቃ አለችው። ለአንዱ ጃንጥላው ናት፤ ለአንዷ የዶሮ ድስቷ። ያቺን ዕቃ የጠየቁት ዕለት ፊቱ በጥር ወር በረዶ እንደሠራ ሐይቅ ይጠጥራል፤ መኪና ቢነዱበት አይሰነጠቅም።

ሚኒሶታ፣ ሮቢንስዴል ከተማ ውስጥ፣ ሮማን በምትኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ክፍሌ ናቸው። ዕቃቸውም ሰንጢ ነው።

ሰንጢ ሲባል አንድ እንዳይመስላችሁ። በቀኝ ኪሳቸው ቀዩ አለ፤ መቀስ፣ መፍቻ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ሳይቀር ከሆዱ የሚወጣ። በግራ ኪሳቸው እጀታው እንጨት የሆነው አለ፤ ለፍራፍሬና ለገመድ። በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ፣ ልባቸው ላይ፣ ቀንዱ አለ። ቀንዱ የሚባለው እጀታው ከጥቁር ቀንድ ስለተሠራ ነው። ስለቱ ተስሎ ተስሎ የወፍ ላባ አክሏል። ይህ ሦስተኛው ሲወጣ ሰው ወሬውን ያቆማል። ለምን እንደሚያቆም የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ያቆማል።

ሰንጢ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። ጋሽ ክፍሌ መጀመሪያ የተዘረጋውን እጅ ያዩታል፤ ኩላሊታቸውን የለመናቸው ይመስል። ቀጥለው ፈገግ ይሉና «ምን ልቁረጥልህ?» ይላሉ። ሰውዬው «ግድ የለም ጋሼ፣ እኔው ቆርጬ አሁኑኑ እመልሳለሁ» ካለ ያቺ የታወቀች ቃል ትከተላለች።

«ሰንጢው አይሄድም። እኔ እመጣለሁ።»

ይመጣሉም።

ባለፈው ሰመር የሕንፃው ሐበሾች ሐይቅ ዳር ተሰብስበው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ያሬድ ሐብሐቡን በመኪና ጭኖ አምጥቶ ቢላውን ረሳ። እጁን ወደ ጋሽ ክፍሌ ዘረጋ። ጋሽ ክፍሌ ተነሡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ሐብሐቡን መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ቀዶ ጥገና የሚገባ ሐኪም እንዲያ አይጠነቀቅም። አንድ በአንድ፣ በገዛ እጃቸው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ቆረጡ። ሰው ተሰለፈ። መጨረሻ የቆመው ልጅ ድርሻውን ሲቀበል መጀመሪያ የቆመው ልጅ እንደገና ርቦት ከኋላው ተሰልፎ ነበር።

ያሬድ ደግሞ እልኸኛ ነው። ጋሽ ክፍሌ ሊታጠቡ ዞር ሲሉ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቀንዱን ብድግ አደረገው። ሮማን አጠገቡ ነበረችና ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየች። ሰንጢውን ካነሣበት ቦታ፣ እንደነበረው አዙሮ አስቀመጠው።

«ምነው?» አለችው።

«ከበደኝ።»

«ሰንጢ?»

«በዚያኛው ጫፍ ሌላ ሰው የያዘው ይመስላል» አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ያሬድ የራሱን ቢላ ይዞ ነው የሚዞረው።

ጋሽ ክፍሌ አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወንድማቸው ልጅ ዴንቨር ሲያገባ ሰዎች «ሻንጣ ውስጥ አድርገው ይላኩት እንጂ ምን ችግር አለ?» ብለዋቸው ነበር። «እሱ በአውሮፕላኑ ሆድ፣ እኔ በላይ? ተለያይተን?» ብለው ድራይቭ አድርገው ሄዱ። ሲደርሱ ኬክ ሊቆረስ ነበር። ኬኩን ማን እንደቆረሰው መናገር አያስፈልግም።

ዜግነት የተቀበሉ ዕለት ደግሞ የባሰ ሆነ። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። ሸኚያቸው ጊፍቲ ናት፤ ከሮማን ፊት ለፊት የምትኖር፣ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ የወለጋ ልጅ፣ ዋሽታ የማታውቅ። ጋሽ ክፍሌ ቀንዱን ከሕንፃው ውጭ በረዶ ውስጥ ቀብረው ገቡ። ማሉ፤ ትንሿን ባንዲራ አውለበለቡ፤ ወጡ። ለካ በዚህ መካከል የበረዶ መጥረጊያው መኪና መንገዱን ሁሉ አጽድቶ በረዶውን ጥግ ላይ ተራራ አድርጎት ሄዷል።

«እንደ ጠሩት ሰው ሄዱ» ትላለች ጊፍቲ። «ቀጥ ብለው ወደዚያ ተራራ ሄዱ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ፣ መዝዘው አወጡት። አልፈለጉም እኮ! ሰው ኪሱ ውስጥ ያለ ቁልፍ እንኳ ይፈልጋል።»

ጊፍቲ የራሷም ታሪክ አላት። አንድ ቅዳሜ በሯን ዘግታ፣ በቴፕ የተጠፈረ ካርቶን አልከፈት ብሏት፣ «ምነው አንድ ስለት ባገኘሁ» አለች። በሆዷ ነው ያለችው፤ አፏን ሻይ ሞልቶት ነበር። ሻዩን ሳትውጠው በሩ ተንኳኳ።

«ምን ልቁረጥልሽ?»

ሕግም አላቸው። ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፤ መሬት ይቀመጥና ሌላው ያነሣዋል። ግን የሚያነሡትም እርሳቸው፣ የሚያስቀምጡትም እርሳቸው ስለሆኑ ይህን ሕግ ጥሶ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለት ተከፍቶ አያድርም። «አፉን ከፍቶ ያደረ ብረት የሚጎርሰው ይፈልጋል» ይላሉ፤ ሲሉም አይስቁም። ሥራቸውን ጨርሰው ሲያጥፉትም ልጅ እንደሚቆጣ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «በቃህ» ይሉታል። የሮማን ልጅ ሊና፣ አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ የምትመልሰው፣ ገና በሩቅ ስታያቸው «ግራንድፓ ናይፍ!»፣ አያቴ ሰንጢ፣ እያለች ትጣራለች። እርሳቸውም ማዕረጉን የተቀበሉት በደስታ ነው።

ሮማን በዚህ ሁሉ ስትስቅ ኖራለች። ሮማን ሥራ የምትወድ ሴት ናት። የመኪና ጎማ ራሷ ትቀይራለች፤ ለሊና የጠበበውን ልብስ በየመጠኑ ለይታ በከረጢት ታስቀምጣለች፤ የሚከፋ ነገር ሲመጣ «የሚኒሶታ ክረምት ካለፈ የማያልፍ ምን አለ?» ትላለች። በጌታ የምታምን፣ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው የምትዘምር ናት። በቡዳና በውቃቢ ወሬ ጊዜ አታባክንም።

ከዚያ ወንድ ልጇ ኤሊ ተወለደ።

የተወለደው ቀን በሚያጥርበት ወር ነው፤ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ገና ሥራ ሳይለቀቅ ጥላ በምትሄድበት። ባሏ ኃይሉ ትራክ ይነዳል፤ ልጁን ታቅፎ፣ ስሞ፣ አልቅሶ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄደውን ጭነት ተከትሎ ወጣ። እንዲያርሷት የተጠሩት እናቷ ቪዛ ተከለከሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በአጥሚትና በገንፎ ቤቱን ሞልተውት ሰነበቱ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራ ሺፍቱ ተመለሰ። አሜሪካ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ሊና ትምህርት ቤት ትውላለች። ሮማን ከኤሊ ጋር ብቻዋን ቀረች።

የኤሊ አልጋ ሳሎን ውስጥ፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት ቁም ሣጥን አጠገብ ነበር። ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እዚያ ነው። መስኮቱ ሲጠቁር፣ መብራት ልታበራ ስትነሣ፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ኳ፣ ኳ። ለስለስ ያለ። ሰው ቤት ገብቶ እንዳይረብሽ እንደሚጠነቀቅ እንግዳ።

ካፖርቶቹን አውጥታ አየች። ምንም የለም። ጎረቤት ነው አለች። በዚያ ወገን ጎረቤት እንደሌለ፣ ግድግዳው ወደ ደረጃው እንደሚወጣ ትዝ አላት። ደረጃው ላይ ወጥታ አየች። ማንም የለም። ስትመለስ ደግሞ ኳ አለ።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ኤሊን ነው። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ፣ እያለቀሰ ሳለ ኳ ሲል ዝም ይላል። አንገቱን ወደ ቁም ሣጥኑ ያዞራል። ዓይኑን ይከፍታል። ስሙን የሚጠራውን እንደሚሰማ ልጅ ያዳምጣል። አንድ ቀን እያዳመጠ ፈገግ አለ። ሮማን ልጁን ከአልጋው መንጥቃ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፤ ሊና ከትምህርት ቤት እስክትመጣ አልወጣችም።

አዲስ አበባ ደወለች። እናቷ ነገሩን ሰምተው አልተደነቁም።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ እማዬ።»

«አራስ ብቻዋን! ብረት ከራስጌሽ አድርገሻል?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም።»

«አንቺ አትመኚ። እኔ አምንልሻለሁ። ቢላ አድርጊ።»

«ሊና አልጋዬ ላይ ነው የምትዘለው፤ ቢላ እንዴት አድርጌ?»

«እንግዲያው የሚታጠፍ ፈልጊ። ከሱቅ የወጣ እንዳይሆን። የሰው እጅ የለመደው ይሁን።»

ሮማን ስልኩን ዘጋች፤ ጸለየች፤ አፈረች፤ እንደገና ጸለየች። ድምፁ እንደገና ኳ ሲል ወደ ታች ወርዳ የጋሽ ክፍሌን በር ልታንኳኳ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። በሯን ስትከፍት ጋሽ ክፍሌ ከደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ምን ልቁረጥልሽ?»

«የሚቆረጥ የለም ጋሽ ክፍሌ። ቀንዱን ያውሱኝ። ከራስጌዬ ላደርገው ነው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። በትከሻዋ ላይ አሻግረው ወደ ሳሎኑ አዩ። «ማን አለ አብሮሽ?»

«ማንም የለም። ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅዎ። ኃይሉ እስኪመጣ ብቻ። እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ፤ አይጠፋም፣ አይበላሽም።»

«ይጠፋል ማን አለ?»

«ታዲያ ይስጡኝ።»

«ሰንጢው አይሄድም፣ ልጄ።»

እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ ግን ንዴቷ ቀደመ። «ለሐብሐብ የሚመጣ ሰንጢ ለአራስ ይነፈጋል? ከቴፕና ከካርቶን ልጄ አነሰ? ደግሞ ሽማግሌ ይባላል!» ብላ በሩን በፊታቸው ዘጋችው። በሕይወቷ ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግራ አታውቅም። በሩን ተደግፋ፣ ኤሊን አቅፋ ቆመች።

ከኮሪደሩ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማት። ብረት በምንጣፍ ላይ። ቀረበ፤ ቀረበ፤ በሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። በበሩ ቀዳዳ አየች። የኮሪደሩ መብራት ይርገበገባል። ጋሽ ክፍሌ በታጣፊ ወንበር ላይ፣ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ጀርባቸውን ለበሯ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ቀንዱ ጉልበታቸው ላይ ተከፍቷል። ማንም የሌለበትን ረጅም ኮሪደር ትኩር ብለው ያያሉ።

አልተነፈሰችም። እርሳቸው ግን ዘወር ሳይሉ «ፔርሙስ ይዣለሁ፤ ሻይ ከፈለግሽ» አሉ።

አስገባቻቸው። ምንም ሳትነግራቸው፣ ምንም ሳትጠቁማቸው ወንበራቸውን ወስደው ከቁም ሣጥኑ ፊት ዘረጉ። ሰንጢውን እንደተከፈተ፣ በእርሳቸውና በቁም ሣጥኑ መካከል ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ደህና ዋሉ?» አሉ ለቁም ሣጥኑ።

ሮማን ኤሊን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። «ማንን ነው?»

«ያለውን።»

«ማንም የለም እኮ።»

«ከሌለም ሰላምታ አይባክንም።»

 የቤቱ ማሞቂያ፣ ሂቲንጉ፣ ይነፍሳል። ከዚያ ኳ፣ ኳ። ኤሊ በእናቱ እቅፍ ውስጥ አንገቱን አዞረ። ጋሽ ክፍሌ ወንበራቸው ላይ ጎንበስ አሉ፤ ከባለጉዳይ ጋር እንደሚነጋገር ዳኛ።

«አቤት። ልጁ ሊተኛ ነው። እናቱም ደክማለች። የሚሉት ካለ ለእኔ ይበሉኝ፤ እኔ ሥራ የለኝም።»

ድምፁ አልተደገመም። ሮማን ሶፋው ላይ ለአፍታ ጋደም ልበል ብላ ተኛች። ስትነቃ ሊና መጥታ ጋሽ ክፍሌ እግር ሥር ሥዕል ትሥላለች፤ ጋሽ ክፍሌ ቦታቸውን አልለቀቁም፤ ፖም በእንጨቱ ሰንጢ እየላጡ ነው፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ ወለሉ ወርዷል። ቀንዱ ተከፍቶ ቁም ሣጥኑን ይጠብቃል።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን።

ጉዳዩ እትዬ ወርቂቱ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም። እትዬ ወርቂቱ የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ ሲጸልዩ የላይኛው ፎቅ ሰው ወለሉን በመጥረጊያ ይመታል። አጥሚት ይዘው ሲገቡ ያዩት አንድ ሽማግሌ የተከፈተ ሰንጢ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከካፖርት ጋር ሲጫወት ነው።

«በኢየሱስ ስም! ወንድም ክፍሌ፣ ይህ የጌታ ቤት ነው። ብረት አያስፈልገውም!»

«እኔስ ምን አልኩ እትዬ ወርቂቱ? ብረቱ ቤቱን አይደለም የሚጠብቀው።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«እኔን። ብቻዬን እፈራለሁ።»

እትዬ ወርቂቱ መሸነፍ አልለመዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያስ እኔም እዚሁ ነኝ። ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን።» መጸለይ ጀመሩ። ጋሽ ክፍሌ በየመካከሉ «አሜን» ሲሉ ተናደዱ፤ «አሜን» ሳይሉ ሲቀሩም ተናደዱ። ዳቦ ቀረበ። እትዬ ወርቂቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ «ባይሆን ያንን ብረትህን ለቁም ነገር አምጣው፣ ልቁረስበት።»

ጋሽ ክፍሌ የተዘረጋውን እጅ አዩት። «እኔ እቆርስልዎታለሁ።»

ሮማን ኤሊን እያጠባች ሳቋን ዋጠች። ከቁም ሣጥኑ ኳ አለ፤ በሁለቱ ክርክር መካከል አንዲት ቃል ለማስገባት የተቸገረ እንግዳ ይመስል ነበር። ማንም አልሰማውም። ኤሊ እንኳ አንገቱን አላዞረም።

አንድ ቀን እትዬ ወርቂቱ ሳይመጡ፣ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖት ቤቱ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣ ሮማን ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ እንዲያው ለምንድነው የማያውሱት?»

ጋሽ ክፍሌ ወለሉ ላይ ያለውን ቀንዱን አዩት። 

«ማሚት ትባል ነበር ባለቤቴ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ስደተኛ ሆነን። እኔ ሩቅ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ወለደች ብለው ላኩብኝ። አጨዳው አላልቅ አለ። ይህን ቀንድ ለአንድ መንገደኛ ሰጠሁት፤ ከራስጌዋ አድርግላት፣ እኔ እስክደርስ ይጠብቃት ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰንጢው ብቻውን ተመለሰልኝ። በነጠላዋ ቁራጭ ተጠቅልሎ።»

«ልጁስ?»

«እሱም ከእሷ ጋር።»

ኤሊ በእንቅልፉ ተነፈሰ። ጋሽ ክፍሌ ጎንበስ ብለው ቀንዱን ከወለሉ አነሡት፤ ሲያነሡት ክንዳቸው ተወጠረ፤ ከአንድ ሰንጢ ክብደት በላይ የሚያነሡ መስለው።

«አንዳንድ ቀን ይከብዳል» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ሳልለቀው ይዤው እቀመጣለሁ።»

ሮማን ከዚያ በኋላ ሰንጢ ጠይቃቸው አታውቅም። ሻዩን ብቻ በእርሳቸው ልክ፣ ስኳር በዛ አድርጋ ማፍላት ጀመረች።

ኃይሉ መጣ። ልጁን አቀፈ፤ ቁም ሣጥኑ ኳ ሲል ሰማ፤ ከት ብሎ ሳቀ። «ቧንቧ ነው እኮ! ሂቲንጉ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል። እኔ አለሁ፤ ኦፊሱ ጋ ደውዬ አሠራዋለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም ኃይሉ። ለጋሽ ክፍሌም በአክብሮት፣ ትከሻቸውን ይዞ ነገራቸው። «ደከሙ ጋሼ፣ ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልዎ። ቧንቧ ነው።»

«ቧንቧ?»

«ቧንቧ ነው ጋሼ። ከእንግዲህ ይረፉ።»

ጋሽ ክፍሌ ወዳጃቸው የተሰደበ ያህል ቁም ሣጥኑን አዩት። ጎንበስ ብለው ሰንጢውን አነሡ። «በቃህ» አሉት። ወንበራቸውን አጠፉ። «እንግዲህ ቧንቧን ባለሙያ ይጠብቀው» ብለው ወረዱ።

ኃይሉ ወደ ጭነቱ ተመለሰ። እትዬ ወርቂቱም ነገሩ ቧንቧ መሆኑን ሲሰሙ ጌታን አመስግነው ወደ ሌላ ውጊያ ሄዱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቧንቧ ነው፤ ቧንቧ ነው፤ እያለች ሮማን ልብስ አጠፈች። ኳ ሲል «ቧንቧ» ትላለች። ኤሊ አንገቱን ያዞራል። ቧንቧ ሰውን እንዲህ አያስፈራም ብላ ራሷን ተቆጣች። በመስኮት ስታይ ጋሽ ክፍሌ መኪና ማቆሚያው መካከል፣ በበረዶው ውስጥ፣ ቀኝ እጃቸውን የካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተው ቆመዋል። የሚጠርጉት መኪና የለም። የሚጠብቁት ሰው የለም። ቆመዋል ብቻ። ሊና ከትምህርት ቤት ስትመለስም እዚያው ነበሩ። «ማሚ፣ ግራንድፓ ናይፍ ኢዝ ኮልድ» አለች፤ በርዷቸዋል ማለቷ ነው። ሮማን ልትጠራቸው መስኮቱን ነካች፤ ግን ምን ብላ? ቧንቧውን ይጠብቁልኝ ብላ?

በመጨረሻ የሕንፃው ጠጋኝ መጣ፤ ባድሩ ይባላል፤ የሐረር ልጅ፣ ተጫዋች። «አብሽሪ እህቴ፣ ቧንቧ የሚሉት ነገር እኔን ሲያይ ነው ዝም የሚለው» እያለ ካፖርቶቹን አወጣ። የቁም ሣጥኑን ጀርባ በመጋዝ ቀደደ፤ በባትሪ አበራ፤ ጭንቅላቱን አስገባ። ጭንቅላቱን ለረጅም ጊዜ አላወጣም። ሲያወጣው ጨዋታው ከፊቱ ላይ የለም።

«እዚህ ውስጥ ቧንቧ የለም።»

«እንዴት?»

«ቧንቧው ሁሉ የሚያልፈው በወጥ ቤቱ በኩል ነው። እዚህ ሽቦም የለም።»

«አይጥስ?»

«አቧራው ላይ የአይጥ ኮቴ የለም። ወላሂ ባዶ ነው፤ ነይ እይው» ሲል፣ ከቀደደው ቀዳዳ ውስጥ፣ ከፊቱ በስንዝር ርቀት፣ ኳ፣ ኳ አለ።

ባድሩ ቢስሚላህ ብሎ መሣሪያዎቹን ሰበሰበ ወይስ መሣሪያዎቹ ተከትለውት ሄዱ፤ ሮማን አላየችም። ደረጃውን ሲወርድ «ሪፖርት አደርጋለሁ!» የሚለው ድምፁ ብቻ ተሰማት። ባትሪው ቁም ሣጥኑ ውስጥ እየበራ ቀረ፤ ባዶውን ግድግዳ ያበራል።

አንዲት ሥራ ወዳድ፣ በጌታ የምታምን፣ የሁለት ልጆች እናት እንዲህ ያለ ነገር ዓይኗ እያየ ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለባት የታወቀ ነው፤ ጮኻ ከሕንፃው መውጣት አለባት። ሮማን ግን ጉንጯ ሞቀ። ከንፈሯን ነካችው፤ ፈገግ ብላለች፤ አሁን ጋሽ ክፍሌን ምን ብላ እንደምትጠራ ታውቃለች። ኤሊን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፤ ሊናን በእጇ ያዘች፤ ጫማዋን በግራ በቀኝ አፈራርቃ አጠለቀችና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። በጋሽ ክፍሌ በር ላይ በጡጫዋ መታች።

በሩ ተከፈተ። ከስተዋል። ቤት ውስጥ ሆነው ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ከኋላቸው ያለው ክፍል ውስጥ መብራት አልበራም።

«ጋሽ ክፍሌ!» አለች እያለከለከች። «ቧንቧ አይደለም!»

«አይደለም?»

«አይደለም! ባድሩ ግድግዳውን ቀደደው። ባዶ ነው። ምንም የለም። እያየው ተንኳኳበትና ጥሎን ሮጠ።»

ጋሽ ክፍሌ የበሩን መቃን ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

«አሜን» አለች ሮማን፣ ከልቧ።